ማሲው ውሃ ሲጠጣ፦ የቴስታታ ጋስኬት አቀያየር ለባለ አሮጌ ትራክተር

ከሐዋሳ ዙሪያ እስከ ሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌና ሀላባ ድረስ ያለው የበቆሎ መሬት የሚታረሰው በልግ ሲጥል ነው። ትራክተር የሚያከራይ ሰው የዓመት ገቢውን አብዛኛውን የሚሰበስበው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቴስታታ ማውረጃው ወቅት ጥርና የካቲት ነው። መጋቢት ላይ ማሳ መሐል ውሃ እየተፋ የቆመ ሞተር የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ ተራ ይዞ የሚጠብቀው ገበሬም እርጥበቱ ካለፈ በኋላ ለመዝራት ይገደዳል። ትራክተርዎ በኅዳርና በታኅሣሥ ውቂያ ላይ ውሃ ማጉደል ጀምሮ ከነበረ፣ ይህን ጽሑፍ ይዘው ዛሬ ይጀምሩ።

መመሪያው በዋናነት የተጻፈው የፐርኪንስ 4.236 ወይም 4.248 ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ለያዙ ማሲ ፈርጉሰኖች ነው፤ 290 የሚባለው ሞዴል የሚሠራው በ4.248ቱ ነው። የ135ቱ ባለ 3 ሲሊንደር ሞተርም አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ የሚለይበትን እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ። በደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠም የነበረውን ቤላሩስ የያዙ ሰዎች ቅደም ተከተሉን መከተል ይችላሉ፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሱ መጽሐፍ ይውሰዱ።

በእርግጥ ጋስኬቱ ነው?

ሞተር በሞቀ ቁጥር ጋስኬት አይወነጀልም። ጠዋት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉ። የቬንቲላቶሩን ቺንጋ ያውልቁ፤ የውሃ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ስለማይናወጥ የሚያዩት ነገር አያሳስትዎትም። ሞተሩን አስነስተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ያቆዩት። ከራዲያተሩ አፍ ሳያቋርጥ የአየር አረፋ ከወጣ፣ የሲሊንደር ጭስ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው።

ቀጥሎ ዘይቱን ይመርምሩ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር ውሃ መግባቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ሁልጊዜ አይታይም። የሮከሩን ሽፋን ከፍተው ውስጡን ይዩ፤ የማኪያቶ መልክ ያለው ዝቃጭ ካገኙ ውሃ ገብቷል። ከዚህ የተሻለው ፍተሻ ትራክተሩን ሌሊቱን አቁሞ ማሳደርና ጠዋት የኮፓውን መክፈቻ ብሎን በጥቂቱ ማላላት ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ ካለም ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው።

ውሃ ሳይጎድል፣ ዘይትም ሳይበላሽ ጋስኬት የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ያለው ቀጭን ክፍል ተበልቶ ከሆነ ሞተሩ ጠዋት በችግር ይነሳል፣ ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል። የኖዝል ቱቦዎችን አንድ በአንድ ሲያላሉ በሁለት ተከታታይ ሲሊንደሮች ላይ የሞተሩ ድምፅ እምብዛም ካልተለወጠ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ይህን ሲያደርጉ እጅዎን ከቱቦው አፍ ያርቁ። ከኖዝል ቱቦ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ የመግባት ኃይል አለው፤ ይህ ጉዳት ከደረሰ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የሚያስቸኩል የሐኪም ጉዳይ ነው።

ለምን ተቃጠለ?

በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ጋስኬት እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ አይቃጠልም። ያቃጠለውን ነገር ሳያገኙ አዲሱን የሚገጥሙ ከሆነ ገንዘብዎን ለሚቀጥለው ብልሽት አስቀምጠዋል ማለት ነው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚሠራ፣ የራዲያተሩ ክዳን የማይገጥም ትራክተር ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ 0.5 ባር፣ ማለትም 7 ፒኤስአይ ግፊት ከያዘ ግን ውሃው የሚፈላው ከ105 ዲግሪ በላይ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን፣ ይባስ ብሎም በጨርቅ የተወተፈ የራዲያተር አፍ፣ በዚህ አገር ስንት ሞተር እንደፈጀ ሳስብ እቆጫለሁ። ክዳን ከሙሉው ጥገና በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከጋስኬቱ ጋር አብረው አዲስ ይግዙ።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። ማሳው ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ሰው በጀሪካን ከሐይቅ ቀድቶ ራዲያተር ይሞላል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃም ብዙውን ጊዜ ማዕድን ይበዛበታል። ይህ ማዕድን ሞተር ውስጥ ሲፈላ ከብረቱ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል፣ ቅርፊቱም ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። ከተቻለ የራዲያተር ኩላንት ይጨምሩበት፤ እዚህ ውርጭ ባይኖርም ኩላንቱ ዝገት ይከላከላል።

ከዚያ ራዲያተሩን ከውጭ ይዩ። በጤፍና በስንዴ ገለባ የተደፈነ ራዲያተር አየር አያሳልፍም። ውሃ ወይም የኮምፕሬሰር አየር ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እያደረጉ ያጽዱት፤ ከፊት ለፊት ከነፉት ቆሻሻውን የባሰ ወደ ውስጥ ይወትፉታል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ሞተሩ ሥራ ሲቀልለት ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ የውሃውም ዝውውር ከታሰበለት መንገድ ይወጣል። ቴርሞስታትዎን በብረት ድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው እሳት ላይ ያድርጉት፤ ውሃው ከመፍላቱ በፊት ከከፈተ ጤነኛ ነው፣ ካልከፈተ ይቀይሩት።

በመጨረሻም የናፍጣ ፖምፓው። ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ ናፍጣው ከልክ በላይ የተከፈተ ሞተር ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ይሞቃልም። በሐዋሳ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካነሰ፣ ተጨማሪ ናፍጣ ጭስና ሙቀት ከመሆን አያልፍም።

ማውረድ

መጀመሪያ ሞተሩን ከውጭ አጥበው ያድርቁ። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ጎማውን በድንጋይ ያስይዙ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ውሃውን ከራዲያተሩና ከብሎኩ ጎን ካለው መክፈቻ ያፍስሱ፤ የብሎኩ መክፈቻ በዝገት ስለሚደፈን በሽቦ ይውጉት። ዘይቱ ውሃ ከገባበት እሱንም ያፍስሱ።

ኮፈኑንና የአየር ማጣሪያውን ጎማ ያንሱ። በብዙዎቹ ማሲዎች የናፍጣ ታንከሩ ከሞተሩ በላይ ስለሚቀመጥ እሱም መውረድ አለበት። ማርሚታውን፣ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ከነፋሸታው፣ የሙቀት መለኪያውን ገመድና ማኒፎልዶቹን ይፍቱ። የኖዝል ቱቦዎችን ሳያጣምሙ ያውጡና የፖምፓውንም የቱቦዎቹንም አፍ ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ይሰሩ። ፖምፓ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከጋስኬቱ የሚበልጥ ወጪ ታመጣለች።

ኖዝሎቹን ቴስታታው ሳይነሳ ያውጧቸው። ጫፋቸው ከቴስታታው በታች ብቅ ስለሚል፣ ከነኖዝሉ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ቴስታታ ጫፋቸውን ይሰብራል። ሥራቸው ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ ከጉድጓዱ ማውጣት አይርሱ። እግረ መንገድዎን ኖዝል ወደሚፈትሽ ባለሙያ ይላኳቸው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ፒስተን ያቃጥላል።

የሮከሩን ዘንግ የያዙትን ዳዶዎች በየተራ በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ ያንሱት። ፑሽ ሮዶቹን በእጅዎ ዞር ዞር እያደረጉ ይምዘዟቸውና ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን ላይ ከፊት ወደ ኋላ በቁጥር ሰክተው ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።

የቴስታታውን ዳዶዎችና ብሎኖች መፍታት የሚጀመረው ከዳር ነው። ከአራቱ ማዕዘን ወደ መሐል እየገቡ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ይተዉት፣ ይደር። በትኩሱ የተፈታ ቴስታታ ይጣመማል። ሁሉም ሲላላ ቴስታታው ከብሎኩ አልላቀቅ ካለ ጎኑን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያድርጉ። ካቻቢቴ ሰክቶ መፈንቀል ገጹን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረውም አዲሱን ጋስኬት ያቃጥላል። ለሁለት ሆነው ቀጥ አድርገው ያንሱትና እንጨት ላይ ያሳርፉት።

ቤላሩስ ከሆነ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ካሚቻዎቹ በቀጥታ ውሃ የሚነካቸው ስለሆኑ ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ኮሎውን ማዞር ከቦታቸው ሊያነቃንቃቸው ይችላል። ማዞር ግዴታ ከሆነ በሮንዴላና በዳዶ ከላይ ያስይዟቸው።

ማንበብና ማጽዳት

አሮጌውን ጋስኬት ወዲያው አይጣሉት። ብርሃን ላይ ዘርግተው የት እንደተበላ ይዩ። በሁለት ሲሊንደር መካከል ጥቁር መንገድ ካለ ጭስ ያለፈበት እዚያ ነው። ከሲሊንደር ወደ ውሃ ቀዳዳ የሚሄድ የዛገ መስመር ካለ አረፋው የመጣው ከዚያ ነው። በጋስኬቱ ላይ ያዩትን ቦታ በቴስታታውና በብሎኩ ላይም በጠመኔ ያመልክቱ፤ ገጹ የተጣመመው ወይም የተሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ነው።

የድሮ ጋስኬቶች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊገድል ይችላል። ተጣብቆ የቀረውን በዘይት ወይም በውሃ አርጥበው ይፋቁት፤ በደረቁ በማሽን አይፍጩት፣ በኮምፕሬሰርም አይንፉት። በየጋራዡ የሚሠሩ ልጆች በአካባቢው ካሉ ይህን ነገር በግልጽ ይንገሯቸው።

ሲሊንደሮቹን በንጹሕ ጨርቅ ይውተፉ፣ የፒስተኑን ዙሪያ ግሪስ ይቀቡ፤ የሚወድቀው ቆሻሻ ግሪሱ ላይ ተይዞ ይወጣል። ጠፍጣፋ መፋቂያና ትዕግሥት ይበቃል። የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ሥራውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን ገጹን ጎድጓዳ ያደርገዋል፣ ብናኙም ወደ ዘይቱ ገብቶ ብሮንዚኒ ይበላል። የብሎን ጉድጓዶቹን ሥራቸው ድረስ ያጽዱ። ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ ብሎኑ ሲጠብቅ መሄጃ ስለሚያጣ ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል።

አሁን ቀጥተኛ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ገጽ ላይ በጎኑ ያቁሙና ሥሩን በፊለር ጌጅ ይለኩ፤ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱ ሰያፎች። ለእነዚህ ፐርኪንሶች የሚፈቀደው ጉብጠት በርዝመቱ 0.15 ሚሊሜትር፣ በወርዱ 0.08 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስልጉት። ለባለሙያው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀጥ እስኪል ድረስ፣ ከዚያ አንድ ፀጉርም አይጨምሩ። ብዙ የተላገ ቴስታታ ኖዝሉንና ቫልቮቹን ወደ ፒስተኑ ያስጠጋል።

ስንጥቅ የሚፈለገው በቫልቮቹ መቀመጫዎች መካከል ነው። ቦታውን በነጭ ጋዝ አርሰው በደንብ ይጥረጉትና ጠመኔ ይቀቡት። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው ተመልሶ ቀጭን መስመር ያወጣል። የተሰነጠቀ ቴስታታ ላይ አዲስ ጋስኬት መግጠም ዋጋ የለውም።

ጋስኬት መግዛት

የ4.236ና የ4.248 ጋስኬቶች ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሲሊንደር ስፋት 98.4፣ የሁለተኛው 101 ሚሊሜትር ነው። የሞተሩን ቁጥርና አሮጌውን ጋስኬት ይዘው ይሂዱ። ሐዋሳ ካላገኙና ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የሚያስልኩ ከሆነ ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ የቀዳዳውን ስፋት ለክተው ይጻፉ። ሲደርስዎት ብሎኩ ላይ በደረቁ አስቀምጠው እያንዳንዱን የውሃ፣ የዘይትና የፑሽ ሮድ ቀዳዳ ያመሳክሩ። አንድ የዘይት ቀዳዳ የሸፈነ ጋስኬት ሮከሩን ያለ ዘይት ያስቀረዋል።

መግጠም

ጋስኬቱ ላይ ቶፕ ፍሮንት የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ወደ ራዲያተሩ በኩል ይሁን። ሲሊኮን፣ ቀለም ወይም ግሪስ አይቀቡት፤ ይህ ጋስኬት የሚገጠመው በደረቁ ነው። ቴስታታውን ሳያንሸራትቱ ቀጥ አድርገው ያውርዱ፣ ጥርሶቹን በጥቂቱ ዘይት ቀብተው ዳዶዎቹንና ብሎኖቹን በእጅዎ ያስገቡ።

ማጥበቅ ከመሐል ይጀምራል፣ እየዞረ ወደ ዳር ይወጣል። በሦስት ዙር ይጨርሱ። የባለ 4 ሲሊንደሩ መጨረሻ 136 ኒውተን ሜትር ሲሆን የባለ 3 ሲሊንደሩ 81 ነው። የሞተርዎ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው መጽሐፉን ይመኑ።

ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው በስሜት ከሚያጠብቅ የሚሻል መንገድ አለ። በቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ይሰኩና ከዳዶው መሐል ጀምረው ልክ 1 ሜትር ላይ ምልክት ያድርጉ። እህል የሚመዘንበትን ባለ መንጠቆ ሚዛን እዚያ ምልክት ላይ አስረው ከቧንቧው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው አግድም ይሳቡ። ሚዛኑ 14 ኪሎ ገደማ ሲያሳይ 136 ኒውተን ሜትር ደርሰዋል፤ ለባለ 3 ሲሊንደሩ 8.3 ኪሎ ይበቃል። የመጀመሪያውን ዙር በ6፣ ሁለተኛውን በ10 ኪሎ ያድርጉ፤ ለባለ 3 ሲሊንደሩ በ3.5ና በ6። ሁሉም ዳዶ እኩል መጥበቁ ከቁጥሩ ትክክለኛነት ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ይህን ደግሞ ሚዛኑ በሚገባ ይሰጥዎታል።

ፑሽ ሮዶቹንና ሮከሩን ይመልሱ፤ እያንዳንዱ ፑሽ ሮድ ታች ካለው መቀመጫው መግባቱን በእጅዎ ያረጋግጡ። የቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.30 ሚሊሜትር ነው። በባለ 4 ሲሊንደሩ ኮሎውን እያዞሩ የ4ኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች አንዱ ሲዘጋ አንዱ ሲከፍት የ1ኛውን ያስተካክሉ፤ የ2ኛው ሲሆን የ3ኛውን፣ የ1ኛው ሲሆን የ4ኛውን፣ የ3ኛው ሲሆን የ2ኛውን።

ኖዝሎቹን በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይግጠሙ። አዲስ ዘይትና ማጣሪያ ያስገቡ፣ ውሃውን ቀስ ብለው እየሞሉ ጎማዎቹን ጫን ጫን በማድረግ አየር ያስወጡ። ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ እየገፉ በመጀመሪያ ከማጣሪያው፣ ቀጥሎ ከፖምፓው የአየር ማስወጫ ብሎኖች አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወርድ ይጠብቁ። የኖዝል ቱቦዎቹን ጫፍ አላልተው ሞተሩን ያዙሩት፤ ናፍጣ ሲመጣ ያጥብቁ።

ከተነሣ በኋላ

ሞተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ የዘይት ግፊቱን፣ ከዚያ ሮከሩ ላይ ዘይት መድረሱን ይዩ። ጭነት ሳይሰጡት የሥራ ሙቀቱ ላይ እስኪደርስ ያቆዩትና ያጥፉት። ትኩሱን እንዳለ፣ በዚያው ከመሐል ወደ ዳር በሚሄደው ተራ፣ ዳዶዎቹን እንደገና ይፈትሹ። ቁጥሩ ሳይደርስ የሚንቀሳቀሰውን ያጥብቁ። የማይንቀሳቀሰውን ደግሞ አንድ ስድስተኛ ዙር አላልተው ወደ ቁጥሩ ይመልሱት። ሁልጊዜ አንድ በአንድ ይሁን፤ ሁለት ዳዶ በአንድ ጊዜ አይላላ። ከዚያ የቫልቩን ክፍተት በትኩሱ 0.25 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ ቴስታታው በጠበቀ ቁጥር ክፍተቱ ይለወጣልና።

ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ከነበረ ይህን አዲሱን ዘይት ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ያፍስሱት። መጀመሪያ የሚገባው ርካሽ ዘይት ቢሆን ችግር የለውም፣ ሥራው የቀረውን ውሃ ማጠብ ነው።

ከ25 እስከ 40 ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ዳዶዎቹንና ቫልቮቹን አንድ ጊዜ እንደገና ይፈትሹ። በእርሻ ወቅት ይህ የሦስት ወይም የአራት ቀን ሥራ ማለት ነው፤ ተረኛው ገበሬ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ቢጠብቅም እንኳ ለዚህ ፍተሻ ግማሽ ቀን ይስጡት።